በጠባብ ውጤት የተሸነፈ ቡድን ምን አተረፈ?

እንደሚታወቀው የተቋማችን የእግር ኳስ ቡድን በቅርቡ ከአንድ እንግዳ ቡድን ጋር ባደረገው የወዳጅነት ጨዋታ 2 ለ 1 ተሸንፏል። ከዚያን ቀን ወዲህ በመኝታ ቤትም ሆነ በምግብ አዳራሽ ሰልፍ ላይ የሚሰማው ወሬ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ወገን «ተሸነፍን እንጂ ጨዋታው የእኛ ነበር» ይላል። ሌላው ደግሞ «ጨዋታ ምን ያደርጋል? የሚቆጠረው ጎል ነው፣ በቃ!» ብሎ ይዘጋዋል። ሁለቱም ድምፅ ከፍ ከማድረግ በቀር ማስረጃ ሲያቀርቡ አልሰማንም። እኛ ደግሞ ነገ ክፍል ተረክበን የተማሪን ሥራ የምንመዝን ሰዎች ነን። ስለዚህ ሽንፈት እንዴት እንደሚመረመር ማጥናቱ ከኳስ አልፎ ለሙያችንም ይበጃል በማለት ይህን ጽሑፍ አዘጋጅተናል።

ለጥናቱ የመረጥነው ምሳሌ ከእኛ ሜዳ የራቀ ነው። በራስ ቡድን ላይ ሲሆን ማንም ሰው ደጋፊ ሆኖ ነውና የሚፈርደው! ምሳሌው የክሌምሰንና የአላባማ ዩኒቨርሲቲዎች ቡድኖች በአሜሪካ አገር ያደረጉት የፍጻሜ ግጥሚያ ነው።

በቅድሚያ ስለ ጨዋታው ጥቂት እንበል። እነሱ ፉትቦል የሚሉት እኛ የምናውቀውን እግር ኳስ አይደለም። ኳሱ ሞላላ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም በእጅ ተይዞ ይሮጣል ወይም ይወረወራል። በየወገኑ 11 ተጫዋቾች ይሰለፋሉ። ኳሱን የያዘው ቡድን በ4 ሙከራ ቢያንስ 10 ያርድ፣ ማለት 9 ሜትር ያህል፣ ወደፊት መግፋት አለበት። ከቻለ ሌላ 4 ሙከራ ይሰጠዋል፤ ካልቻለ ኳሱ ወደ ተጋጣሚው ያልፋል። ኳሱን ይዞ የተጋጣሚውን የመጨረሻ መስመር የተሻገረ 6 ነጥብ ያገኛል፤ ከዚያ በኋላ ኳሷን በቋሚዎቹ መካከል መትቶ በማሳለፍ 1 ነጥብ ሊጨምር ይችላል። እንዲሁ በጨዋታ መካከል በምት ያሳለፈ ደግሞ 3 ነጥብ ያገኛል። ነጥብ ያስቆጠረ ቡድን ኳሱን ወደ ተጋጣሚው በረጅሙ ይመታል። ይህችን የመጨረሻዋን ደንብ አንባቢ ይያዝልን፤ ኋላ ትፈለጋለች።

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 11 ቀን 2016 (ጥር 2 ቀን 2008 ዓ.ም.) ሁለቱ ቡድኖች በአሪዞና ግዛት በግሌንዴል ከተማ ለኮሌጆች ሻምፒዮና ፍጻሜ ተገናኙ። ክሌምሰን በዚያ የውድድር ዘመን 14 ጨዋታ ተጫውቶ አሥራ አራቱንም አሸንፎ ነው የመጣው። ሆኖም በ1981 የውድድር ዘመን ካገኘው ሻምፒዮንነት በኋላ ያንን ክብር አላየውም። አሠልጣኙ ዳቦ ስዊኒ ይባላል (ስሙ ለእኛ ጆሮ መጣፈጡ ሳይረሳ)። አላባማን የሚያሠለጥነው ኒክ ሳባን ደግሞ በዚያን ጊዜ ብዙ ዋንጫ የሰበሰበ ነበር። ጨዋታው በአላባማ አሸናፊነት 45 ለ 40 አለቀ።

ታዲያ አምስት ነጥብ ጠባብ ልዩነት ነውና ክሌምሰኖች በዚሁ ይጽናኑ? አይደለም፤ እዚህ ላይ ጠንቀቅ ማለት ያስፈልጋል። ጨዋታው ሊያልቅ 12 ሴኮንድ ብቻ ሲቀረው ልዩነቱ 12 ነጥብ ነበር። 45 ለ 40 የሆነው በዚያች በመጨረሻዋ ሰዓት ክሌምሰን ስላስቆጠረ ነው። ስለዚህ የውጤቱ መጥበብ ብቻውን ምንም አይነግረንም። ጠባብ ውጤት በመጨረሻ ደቂቃ የተለጠፈ ሊሆን ይችላል፤ ሰፊ ውጤትም እንዲሁ። የሚያጽናናው ነገር ከተገኘ መፈለግ ያለበት ከሰሌዳው በስተጀርባ ነው።

ከሰሌዳው በስተጀርባ ያገኘነው እንዲህ ነው። ክሌምሰን ኳሱን በድምሩ 550 ያርድ ወደፊት ሲገፋ አላባማ የገፋው 473 ያርድ ነበር። ይህ አንድ ጊዜ ብድግ ብሎ የሆነ ሳይሆን ጨዋታው እስኪያልቅ ሲደጋገም የቆየ ሥራ ነው። ኳስ አከፋፋዩ ዴሻን ዋትሰን በውርወራ 405፣ በሩጫ 73፣ በድምሩ 478 ያርድ አስገኘ። ልብ በሉ! አንድ ልጅ ብቻውን ከመላው የአላባማ ቡድን በ5 ያርድ በለጠ ማለት ነው። ዋትሰን በቀጣዩ ዓመትም በትምህርት ገበታው ላይ ስለነበረ ይህ ጉልበት ለከርሞ የሚተርፍ ነበር። እኛ የሚያበረታታ ምልክት የምንለው እንዲህ ያለውን ነው፤ ይኸውም ቡድኑ በራሱ ጥረት ደጋግሞ ያሳየውን።

እንግዲህ ይህን ያህል የሠራ ቡድን በምን ተሸነፈ? ከአላባማ 45 ነጥብ ውስጥ 21ዱ የተገኘው ከሦስት እንቅስቃሴ ብቻ ነው። ኦ ጄ ሃዋርድ የተባለ ተቀባይ ሁለት ጊዜ ያለ ጠባቂ ተለቆ አንዴ 53፣ አንዴ 51 ያርድ የዘለቁ ኳሶችን ነጥብ አደረገ። ኬንያን ድሬክ ደግሞ ክሌምሰን ነጥብ አስቆጥሮ በረጅሙ የመታውን ኳስ ተቀብሎ 95 ያርድ ሮጠና አስገባው። ያችን ያዙልን ያልናትን ደንብ የፈለግናት ለዚህ ነበር።

ሌላም አለ። በአራተኛው ሩብ 24 ለ 24 እንደሆኑ መምታት የአላባማ ተራ ነበር። የተመታ ኳስ 10 ያርድ ከተጓዘ መቺው ቡድን ራሱ ሊይዘው ይፈቀድለታል። ሳባን የክሌምሰን ተጫዋቾች ወደ አንድ ጎን ተጠጋግተው እንደሚቆሙ አይቶ ነበርና ኳሷ በአጭሩ ወደ ባዶው ጎን እንድትመታ አደረገ። የራሱ ተጫዋች ያዛት። ወዲያው የሃዋርድ ሁለተኛ ነጥብ ተከተለ። ብዙ ሰው ይህን ዕድል ይለዋል። እኛ አንስማማም፤ ሳባን የተጋጣሚውን አቋቋም አጥንቶ ያገኘው ነው።

ከዚህ ላይ ወደ መማሪያ ክፍል ገባ እንበል። ሁለት ተማሪዎች በመቀነስ ፈተና ከ10 ጥያቄ አራት አራት አገኙ እንበል። የአንደኛው ደብተር ሲታይ 52 ሲቀነስ 27 ለሚለው 35 ብሏል፤ 81 ሲቀነስ 46 ለሚለው ደግሞ 45። የሳታቸው ስድስቱም ጥያቄዎች እንደዚሁ መበደር የሚፈልጉ ናቸው፤ ልጁ በየቦታው ትንሹን ቁጥር ከትልቁ እየቀነሰ ነው። የሌላው ስሕተት ግን መልክ የለውም፤ አንዱ ሌላውን አይመስልም። በማርክ መዝገብ ላይ ሁለቱም 4 ናቸው። ለመምህሩ ግን የመጀመሪያው ቀዳዳው የታወቀ፣ መበደርን በሚገባ ሲረዳ ስድስቱም የሚስተካከሉለት ልጅ ነው። ክሌምሰንን የመሰለው እሱ ነው፤ ብዙውን ነገር ያውቃል፣ የፈሰሰበት ቦታ ግን በጣት ይቆጠራል። መምህሩ «አይዞህ፣ ለጥቂት ነው» ብሎ ብቻ ቢያልፈው አበረታታው አንልም።

ወደ ነገራችን ስንመለስ፣ ምልክት ታየ ማለት ግን ተስፋ ተፈጸመ ማለት አይደለም። በተከታዩ የውድድር ዘመን፣ በኖቬምበር 2016፣ ክሌምሰን በገዛ ሜዳው በፒትስበርግ 43 ለ 42 ተሸነፈ። በአንድ ነጥብ! ሆኖም ለፍጻሜ ደረሰና ጃንዋሪ 9 ቀን 2017 (ጥር 1 ቀን 2009 ዓ.ም.) በፍሎሪዳ፣ በታምፓ ከተማ፣ ያንኑ አላባማን ገጠመ። ሦስተኛው ሩብ ሲያልቅ አላባማ 24 ለ 14 ይመራ ነበር። ሁለት ደቂቃ ያህል ሲቀር ደግሞ 31 ለ 28። ከዚያ ዋትሰን ቡድኑን እየገፋ አምጥቶ፣ 1 ሴኮንድ ሲቀር በ2 ያርድ ውርወራ ለሃንተር ሬንፍሮ አቀበለው፤ ክሌምሰን 35 ለ 31 አሸነፈ። ሬንፍሮ ወደ ቡድኑ ሲገባ ነፃ የትምህርት ዕድል እንኳ ያልተሰጠው ልጅ ነበር። በተሸነፉበትም ፍጻሜ፣ ባሸነፉበትም ፍጻሜ ሁለት ሁለት ጊዜ ነጥብ አስገብቷል።

አሁን ምልክቶቹን እናስተያይ። ጉልበቱ እውነት ነበር፤ ዋትሰን በውርወራ ብቻ 420 ያርድ አስገኘ። በረጅም ምት መመለስ የገባ ነጥብ በዚህኛው ጨዋታ የለም። የሃዋርድ ነገር ግን አልተደፈነም፤ በሦስተኛው ሩብ እንደገና ተለቆ 68 ያርድ የዘለቀ ነጥብ አገባባቸው። ቡድኑ ዋንጫ ወሰደ፤ አንዷ ቀዳዳ ግን እንዳለች ነበረች። ይህን ደግሞ የማሸነፍ ጭብጨባ ሲሸፍነው እናያለን።

አንዳንዱ «ካሸነፉማ የአምናው ምልክት ትክክል ነበር» ሊል ይችላል። እኛ እንዲህ አናየውም። ሬንፍሮ በዚያች በመጨረሻዋ ሴኮንድ ኳሷን ቢጥላት ኖሮ የ2016ቱ 550 ያርድ ወደ 400 አይወርድም ነበር።

ስለ ቡድናችን «ጨዋታው የእኛ ነበር» የሚሉት ጓደኞቻችን እንግዲህ ይህን ይመልሱ፤ የተጋጣሚን የቅጣት ክልል ስንት ጊዜ ረገጥን? ወደ ግብ ከመታናቸው ስንቶቹን በረኛው ዳሰሰ? ሁለቱ ጎሎች የገቡብን ከአንድ ዓይነት አጨዋወት ነው ወይስ ከተለያየ? በጎል ብቻ እንፍረድ የሚሉትም ቢሆኑ የመጨረሻውን ጥያቄ ማለፍ አይችሉም። ለሚቀጥለው ግጥሚያ ከእኛ ሁለት ሰዎች ደብተር ይዘው ከመስመሩ ዳር ይቆማሉ፤ አንዱ የራሳችንን፣ አንዱ የተጋጣሚን ይቆጥራል። ቁጥሩ እዚሁ ሰሌዳ ላይ ከውጤቱ ጎን ይለጠፋል። ሦስተኛ ቆጣሪ መሆን የሚፈልግ ሠልጣኝ ካለ እርሳስ ይዞ ይምጣ።