ፀሐይ የማትስማማቸው ልጆች

ዛሬ ብዙ ሰው ስለማያውቀው አንድ በሽታ እንማራለን። መጀመሪያ ግን ርዕሱን ለምን እንደመረጥኩት ልንገራችሁ።

እዚህ አውበሬ፣ ሰፈራችን ውስጥ አንዲት የሰባት ዓመት ልጅ አለች። ቀን ቀን ከቤት አትወጣም፤ የምትጫወተው ከመግሪብ በኋላ ነው። ፊቷ ላይ ብዙ ጥቁር ነጠብጣብ አለ፤ ብርሃን ሲበዛ ዓይኗ ያለቅሳል። እኔ "የሌሊት ወፍ" የሚል ስም አወጣሁላት፤ የሰፈሩ ልጆችም ተቀበሉኝ። ከዚያ በኋላ ማታም መውጣት ተወች። በኋላ እናቷ ከአዲስ አበባ ሐኪም ያመጡትን ወረቀት ለእናቴ ሲያሳዩ አየሁ። የበሽታውን ስም ገልብጬ ለሳይንስ መምህራችን ወሰድኩላቸው። የተማርኩት ይሄን ነው።

በሽታው ምንድን ነው?

ስሙ ዜሮደርማ ፒግመንቶሰም ይባላል። መጀመሪያ የገለጸው ካፖዚ የተባለ የቪየና ሐኪም ሲሆን ጊዜውም በ1870ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ነው።

የፀሐይ ብርሃን ውስጥ አልትራቫዮሌት የሚባል ዓይን የማያየው ጨረር አለ። ይህ ጨረር በቆዳችን ሴሎች ውስጥ ያለውን ዲኤንኤ ያበላሻል። የሁላችንንም ያበላሻል! ግን ሰውነታችን የተበላሸውን ቆርጦ አውጥቶ እንደገና ይጽፈዋል። ደብተራችሁ ላይ ቀለም ፈሰሰ እንበል፤ ገጹን ቀዳችሁ ከጓደኛችሁ ደብተር ትገለብጣላችሁ አይደል? እንደዚያ ነው። የታመሙት ልጆች ይህን የሚጠግነው ሥራ በደንብ አይሠራላቸውም። ስለዚህ ካልተጠነቀቁ ገና 10 ዓመት ሳይሞላቸው የቆዳ ካንሰር ሊይዛቸው ይችላል።

ከ4 ታማሚዎች 1 ያህሉ ደግሞ የነርቭ ችግር አለበት። መስማት ይቀንሳል፣ መራመድና መማር ይከብዳል። "ፀሐይ አንጎል ውስጥ ትገባለች እንዴ?" ብዬ ጠየቅሁ። አትገባም። ዲኤንኤ ግን ሰውነት ውስጥ በሚፈጠሩ ነገሮችም ይጎዳል፤ የሞተ የነርቭ ሴል ደግሞ በቀላሉ አይተካም።

ከየት ይመጣል?

ከዘር ነው። እርግማን አይደለም፣ ጂን አይደለም፣ በመንካትም አይተላለፍም። እናትና አባት ሁለቱም ጤነኛ ሆነው የተበላሸውን ዘረ መል ሊሸከሙ ይችላሉ። ያኔ የሚወለደው እያንዳንዱ ልጅ የመታመም ዕድሉ ከ4 አንድ ነው። የሥጋ ዘመዶች ሲጋቡ ሁለቱም አንድ ዓይነት ዘረ መል የመያዝ ዕድላቸው ይጨምራል።

መድኃኒቱስ?

እስካሁን የሚያድን መድኃኒት የለም። ትልቁ መድኃኒት ጥላ ነው። ረጅም ልብስ፣ ሰፊ ኮፍያ፣ የፀሐይ መነጽርና የፀሐይ መከላከያ ቅባት ያስፈልጋል። ጨረሩ በደመናም በመስኮት መስታወትም ያልፋል። ቆዳቸውንም ሐኪም ቶሎ ቶሎ ማየት አለበት።

እኛ ምን እናድርግ?

ልጅቷ በመስከረም አንደኛ ክፍል መግባት ትፈልጋለች። ስለዚህ፦

1. በሰልፍ ሰዓት ጥላ ሥር ትቁም።
2. ክፍል ውስጥ ከመስኮት ርቃ ትቀመጥ፤ ኮፍያዋንና መነጽሯን አውልቂ አንበላት።
3. ስም አናውጣላት። ይሄ መጀመሪያ የሚመለከተው እኔን ነው።

ባለፈው ሳምንት ማታ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኳት። ዝም ብላ ቆየችና "ትምህርት ቤታችሁ ጥላ አለ?" አለችኝ። አለ አልኳት። እባካችሁ ውሸታም እንዳታደርጉኝ።