ከጠዋቱ 3 እስከ 9 ሰዓት
ስለ ውሃና ስለ ፀሐይ የተደረገ ምልልስ

ቦታው ከዳሞታ ተራራ ግርጌ፣ ከወላይታ ሶዶ ከተማ ብዙም የማይርቅ ቀበሌ ነው። ወጣቷ በቅርቡ የተመደበች የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት። አዛውንቱ ዕድሜያቸውን በአካባቢ ጤና ሥራ ያሳለፉ ጡረተኛ ናቸው። ከጓሯቸው እንሰት ጥግ ተቀምጠው ይነጋገራሉ።

ወጣቷ፦ አባባ፣ ዛሬ ሦስት ቤት ገብቼ በሦስቱም ተቅማጥ የያዘው ሕፃን አገኘሁ። «ውሃ አፍልታችሁ አጠጡ» ስል አንዷ እናት «እንጨቱንስ ማን ይሰጠኛል?» አለችኝ። መልስ አጣሁ።

አዛውንቱ፦ እውነቷን ነው፣ ልጄ። 1 ሊትር ውሃ ለማፍላት 1 ኪሎ ያህል እንጨት ይፈጃል። ለስድስት ሰው በየቀኑ ይፍላ ከተባለ ምግብ የሚበስልበት ማገዶ ሊጠፋ ነው። የውሃ ማከሚያው ውሃ አጋርም ቢሆን በእጇ ሲኖር ትጨምራለች፤ ሲያልቅባት ግን ለመግዣው ሳንቲም የላትም። ስለዚህ ደጇ ላይ በነፃ ያለውን ንገሪያት፤ ፀሐይን።

ወጣቷ፦ እሱንማ በሥልጠና ሰምቻለሁ፤ ሃይላንድ ሞልቶ ፀሐይ ላይ ማስጣት። እውነቱን ልንገርዎትና ስናገረው እኔው ራሴ አላምንበትም። ፀሐይ ብቻዋን እንዴት ጀርም ትገድላለች?

አዛውንቱ፦ ያላመንሽበትን ነገር ሌላው እንዲያምንልሽ አትጠብቂ፤ ስለዚህ መጀመሪያ ምክንያቱን እወቂ። ከፀሐይ ብርሃን ጋር ዓይናችን የማያየው አልትራቫዮሌት ኤ የሚባል ጨረር ይመጣል። ይህ ጨረር በጠራ ፕላስቲክ ውስጥ አልፎ ጀርሙን ከውስጡ ይጎዳዋል፤ መራባት ያቅተዋል፣ ይሞታል። ሙቀት ሲታከልበት ሥራው ይፈጥናል። ውሃው 50 ዲግሪ ከደረሰ 1 ሰዓት ይበቃዋል። ሶዶ ግን ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ነፋሻ አገር ናት፤ በሙቀቱ አትተማመኚ። በጨረሩ ተማመኚ፤ ለጨረሩ ደግሞ 6 ሰዓት ስጪው።

ወጣቷ፦ ማን ነው መጀመሪያ ያሰበው?

አዛውንቱ፦ በቤይሩት የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ አፍቲም አክራ የሚባሉ መምህር ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1980 ሥራቸውን አሳተሙ። መነሻቸው ምን እንደነበር ታውቂያለሽ? ተቅማጥ ለያዘው ልጅ የምትበጠብጪው ኦ.አር.ኤስ ነው። መድኃኒቱ የሚበጠበጥበት ውሃ ራሱ የቆሸሸ ከሆነ ምን ይደረግ ብለው ነው ወደ ፀሐይ ያዩት። በኋላ በስዊዘርላንድ የኢያዋግ የውሃ ምርምር ተቋም ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ ዘዴውን ፈትሸው ለብዙ አገር አዳረሱት።

ወጣቷ፦ እሺ፣ አሁን እንደ ተማሪ ይቁጠሩኝ። ከየት ልጀምር?

አዛውንቱ፦ ከጠርሙሱ። ቀለም የሌለው፣ የጠራ፣ ከ2 ሊትር የማይበልጥ ሃይላንድ ይሁን። ከሥሩ በሦስት ማዕዘን ውስጥ 1 ቁጥር ያለበትን ምረጪ። የተፋተገና የደበዘዘ ከሆነ ጨረር አያሳልፍም፤ ለልዋጭ ይሂድ። ወረቀቱን አንሺ፣ ክዳኑንም ጠርሙሱንም በሳሙና እጠቢ።

ወጣቷ፦ ውሃውስ? በበልግ ዝናብ ከምንጩ የሚቀዳው ጭቃ ነው።

አዛውንቱ፦ ጀርም ከጭቃ ጀርባ ይደበቃል። ስለዚህ ሌሊቱን አሳድረሽ አዝቅጪው፣ ከዚያ በታጠፈ ንጹሕ ጨርቅ አጥልዪው። መለኪያው ቀላል ነው። የተሞላውን ጠርሙስ በልጆቹ መማሪያ መጽሐፍ ርዕስ ላይ አቁሚና ከአፉ ወደ ታች ተመልከቺ። ትልልቁ ፊደል ከተነበበ ውሃው ለፀሐይ ደርሷል፤ ካልተነበበ ገና ነው። ስትሞዪ መጀመሪያ ሦስት አራተኛውን ብቻ ሙዪ፣ 20 ሰከንድ ያህል ናጪው፣ ከዚያ እስከ አፉ ሙዪና ክደኚ። በመናጡ የገባው አየር ጨረሩን ያግዘዋል።

ወጣቷ፦ ከዚያ ቆርቆሮ ላይ።

አዛውንቱ፦ አስተኝተሽ፣ አቁመሽ አይደለም። ቆርቆሮ ብርሃኑን መልሶ ስለሚያንጸባርቅ ይረዳል። ቤቱ የሣር ክዳን ከሆነ ቁራጭ ቆርቆሮ ከብት በማይደርስበት ቆጥ ላይ ይደረግ። የወላይታ ጓሮ ደግሞ እንሰቱም ቡናውም ቤቱን ከቦ ነው የሚበቅለው። ጠዋት ፀሐይ የነበረበት ቦታ ከሰዓት ጥላ ይሆናል። ቦታ ከመምረጥሽ በፊት አንድ ቀን ሙሉ ጥላው የሚሄድበትን ተከታተዪ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ጥላ የማይነካው ቦታ ነው የምትፈልጊው።

ወጣቷ፦ ክረምት ሲገባስ? ከሰኔ በኋላ ፀሐይ የምናየው እየናፈቅን ነው።

አዛውንቱ፦ ሰማዩ እስከ ግማሽ ቢደመን 6 ሰዓቱ ይበቃል። ከግማሽ በላይ ከደመነ ሁለት ተከታታይ ቀን ይዋል። ቀኑን ሙሉ ዝናብ ከሆነ አትሞክሪው፤ ያን ቀን ማፍላት ወይም ውሃ አጋር ነው። ማገዶውን ለእንዲህ ያለው ቀን አስቀምጪ በያት።

ወጣቷ፦ ይህ ሁሉ ልፋት ፍሬ እንዳለው በምን አውቃለሁ?

አዛውንቱ፦ በኬንያ በማሳይ ሕዝብ መካከል ኮሌራ በገባ ጊዜ ተመራማሪዎች ቆጥረው ነበር። ፀሐይ ላይ የዋለ ውሃ ከሚጠጡ ከ6 ዓመት በታች 155 ልጆች መካከል 3 ታመሙ። ያንን ከማይጠጡት 144 ልጆች ግን 20 ታመሙ። ወደ አገራችን ስንመጣ፣ በሰሜን ጎንደር ዳባት ወረዳ ለ6 ወር የተደረገ ጥናት በ2018 እ.ኤ.አ. ታትሟል። የሕፃናቱ ተቅማጥ በ40 በመቶ ቀነሰ። በቦሊቪያ የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመው ግን ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላሳየም።

ወጣቷ፦ ፀሐይዋ ያው አይደለችም እንዴ?

አዛውንቱ፦ ፀሐይዋማ ያው ናት። በዳባት ከ10 ቤተሰብ 9ኙ ዘዴውን በሥርዓት ይዘውት ነበር፤ በቦሊቪያ ግን ሲሦው ያህል ብቻ። ልጄ፣ ከነገርኩሽ ሁሉ ይህቺን ያዥ። ፀሐይ ገንዘብ አትጠይቅም፤ ሥርዓት ግን ትጠይቃለች። ሰኞና ማክሰኞ ንጹሕ ጠጥቶ ረቡዕ ከጀሪካኑ በጣሳ የጨለፈ ልጅ ረቡዕ ይታመማል።

ወጣቷ፦ እናትየውማ ሥራ በዝቶባታል፤ በምን ታስታውስ?

አዛውንቱ፦ በማስታወስ ላይ አትጣዪው፤ በቁጥር ይሁን። ስድስት ሰው በቀን 12 ሊትር ይጠጣል እንበል፤ ባለ 2 ሊትር 6 ጠርሙስ ነው። እጥፍ አድርጊው፣ 12። ስድስቱ ቆርቆሮው ላይ ሲውሉ ስድስቱ ይጠጣሉ። የሞላ ጠርሙስ ሁልጊዜ ቤት ካለ ማንም ወደ ጀሪካኑ አይሄድም። ሥራውን ለአንድ ልጅ ስጡ፤ ጠዋት አውጥቶ ማታ ያስገባ። ውሃው ወደ ሌላ ዕቃ አይገልበጥ፤ ከዚያው ጠርሙስ በታጠበ ኩባያ ይቀዳ።

ወጣቷ፦ ፕላስቲኩ ይመርዛል የሚሉም አሉ። ቆርቆሮ ላይ ጠርሙስ መደርደር የድህነት ምልክት ነው ብለው የሚያፍሩም አሉ።

አዛውንቱ፦ ፕላስቲኩ ተመርምሯል፤ ወደ ውሃው የሚገባው ከሱቅ ከሚገዛው የታሸገ ውሃ የተለየ ሆኖ አልተገኘም። ለሚያፍሩት ደግሞ የሚያሳፍረው ልጅን በተቅማጥ መቅበር መሆኑን በፍቅር ንገሪያቸው። ግን ዘዴው የማይችለውንም አትደብቂ። ፀሐይ ጀርም እንጂ ኬሚካል አታጠፋም። በስምጥ ሸለቆው ወገን ባሉ አንዳንድ ጉድጓዶች ያለውን፣ ጥርስ የሚያበልዘውን ፍሎራይድ አትነካውም። ቦኖ እንዲገባ፣ ምንጩ እንዲጎለብት መጠየቅም አይቅር። ይህ ዘዴ ቧንቧው እስኪደርስ ልጁን የምናቆይበት ነው።

ወጣቷ፦ ነገ ያቺ እናት ዘንድ እመለሳለሁ።

አዛውንቱ፦ ቆይ፤ አንቺ ዛሬ የጠጣሽው ውሃ ከየት ነው?

ወጣቷ፦ ... ከጀሪካኑ።

አዛውንቱ፦ እንግዲያው ነገ አትሂጂ። ነገ በ3 ሰዓት የራስሽን ጠርሙስ የራስሽ ቆርቆሮ ላይ አውጪ። አንድ ሳምንት ሳታቋርጪ ጠጪና ከዚያ እናትየውን ቤትሽ ጥሪያት። ቆርቆሮውን አሳዪያትና ከጠርሙሱ ቀድተሽ አብራችሁ ጠጡ።