የበቅሎ ተራ ከደብተር ወደ ኮምፒውተር

ጥያቄ፦ ቤተሰቦቿ በ2008 ዓ.ም. ከስሜን ተራሮች ፓርክ የጊች መንደር ተነሥተው ደባርቅ የሰፈሩ አንዲት አንባቢ፣ ወደ ፓርኩ ቱሪስት የሚያጓጉዙ የበቅሎ አከራዮችን ተራ በደብተር ትመዘግባለች። አሁን ሥራው ወደ ኮምፒውተር ይዛወር ተብሏል። ከምን ትጀምር?

መልስ፦ ከኤክሴል። ትልልቆቹ የዳታቤዝ ፕሮግራሞች ይቆዩ፤ ዋናው ልማድ እዚሁ ይለመዳል፤ አንድ ረድፍ ለአንድ ጉዞ፣ አንድ ዓምድ ለአንድ ዓይነት መረጃ።

ስም ላይ ጥንቃቄ ያሻል። «ኃይሉ» እና «ሀይሉ» ለአንባቢ አንድ ሰው ናቸው፤ ለኮምፒውተሩ ግን ሁለት። የአንድ አባወራ ተራ ለሁለት ተከፍሎ እንጀራውን እንዳያሳጣው፣ ለእያንዳንዱ አከራይ የማይደገም መለያ ቁጥር መስጠት ግድ ነው።

ቀንም ያስቸግራል። ኤክሴል በቀላሉ የሚረዳው የፈረንጆቹን አቆጣጠር ነው። ጥቅምት 30ን 30/2/2017 ብላ ብትጽፍ፣ ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን ስለሌለ እንደ ተራ ጽሑፍ ይቆጥረዋል። መዝገቡ በቀን ሲደረደር ታዲያ ይዘበራረቃል። ቀን፣ ወርና ዓመትን በሦስት ዓምድ መለየት ይህን ጣጣ ያስቀራል።

ከኢንተርኔቱ መጀመሪያ ኢሜይል ይቅደም፤ የይለፍ ቃሉ በእሷ ብቻ የሚታወቅ፣ ሁለተኛ ማረጋገጫም ያለው ይሁን። ኮምፒውተሩ ቢበላሽ መዝገቡ አብሮ እንዳይጠፋ ፋይሉን ማታ ማታ ፍላሽ ላይ መገልበጥ ያስፈልጋል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ነፃ ሥልጠና ዳታ ሳይንስንም ያካትታል፤ እሱ ግን ይህ መዝገብ በእጇ ከገባ በኋላ ይደርሳል።