ምዕራፍ 7፦ ትንሽም ብትሆን ያለቀች ሥራ

ዎርድፕረስ በተባለው የድረ ገጽ መሥሪያ ሶፍትዌር የሚሠሩ ሰዎች በየአገሩ ጉባኤ ሲጠሩ፣ ብዙ ጊዜ አንዱን ቀን ለሥራ ብቻ ይለዩታል። «ኮንትሪቢዩተር ዴይ» ይሉታል። ሁሉም ላፕቶፑን ይዞ ይመጣና ጠረጴዛ መርጦ ይቀመጣል። አንዱ ጠረጴዛ የዋናው ኮድ ነው፤ ሌሎቹ የትርጉም፣ የመመሪያ ጽሑፍ፣ የፍተሻ ናቸው። አካል ጉዳተኞች ሶፍትዌሩን ያለ ችግር እንዲጠቀሙ የሚሠራ ቡድንም የራሱ ጠረጴዛ አለው። በየጠረጴዛው አዲስ መጪውን የሚቀበልና ሥራ የሚያሳይ ልምድ ያለው ሰው ይኖራል። ለውሎው ክፍያ የለም።

ዎርድፕረስን በ2003 የጀመሩት (በዚህ ምዕራፍ ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ማት ሙለንዌግ የተባለ አሜሪካዊ ወጣትና ማይክ ሊትል የተባለ እንግሊዛዊ ነበሩ። መነሻቸውም ሌላ ሰው ጽፎ በነፃ ፈቃድ የለቀቀው ኮድ ነው። ዛሬ ከዓለም ድረ ገጾች ከ40 በመቶ በላይ የሚሆኑት በዎርድፕረስ ይሠራሉ። ኮዱን ማንም ሰው ማንበብ፣ ማሻሻልና መልሶ ማካፈል ይችላል። ክፍት ምንጭ የሚባለውም ይኸው ነው።

ወደ እንዲህ ያለ ቀን ኑ ሲባሉ ብዙዎች «እኔ እኮ ኮድ አልችልም» ይላሉ። ይህን ምዕራፍ የጻፍኩት በዋናነት ለእነርሱ ነው። ኮድ ለሚችሉትም ቢሆን የምለው ያው ነው፦ ከጠረጴዛው ሲነሡ ትተውት የሚሄዱት ሥራ ትንሽ ይሁን፣ ግን ያለቀ ይሁን።

ለምን ቢሉ፣ እነዚህን ፕሮጀክቶች የሚጎዳቸው የሠራተኛ ማነስ ብቻ አይደለም። የሌላውን ሥራ ረጋ ብሎ የሚያይ ዓይን ይጎድላቸዋል። በ2014 «ሃርትብሊድ» የተባለው የደኅንነት ቀዳዳ ሲገለጥ፣ ችግሩ የተገኘው ኦፕን ኤስኤስኤል በተባለ ሶፍትዌር ውስጥ ነበር። በበይነ መረብ የምንልከውን የይለፍ ቃልና የባንክ መረጃ ከሌላ ሰው ዓይን የሚሰውረው ይህ ሶፍትዌር ነው። ያን ጊዜ ሙሉ ጊዜውን ሰጥቶ የሚሠራበት ሰው አንድ ብቻ ነበር።

ከዐሥር ዓመት በኋላ፣ በመጋቢት 2024፣ የባሰ ነገር ተሰማ። ኤክስዜድ የተባለችው ፋይል ማመቂያ፣ ሊኑክስ የተባለው የኮምፒውተር ሥርዓተ ክወና ባለበት ሁሉ ማለት ይቻላል አለች። ይህችን ሶፍትዌር አንድ በጎ ፈቃደኛ ለዓመታት ብቻውን ተሸክሟት ኖሯል። ሰውየው በደከመበት ጊዜ በተሰወረ ስም የሚሠራ «ረዳት» መጣለት። ከሁለት ዓመት በላይ መልካም ሥራ እያሳየ አመኔታ አተረፈ፤ በመጨረሻም ሌባ የሚገባበት የጓሮ በር በኮዱ ውስጥ ደበቀ። ሌሎች ስሞችም ከጎን ሆነው «ሥራው ዘገየ፣ ለሌላ ልቀቀው» እያሉ ሰውየውን ይወተውቱት ነበር። ተንኮሉን ያጋለጠው አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ ኢንጂነር ነው፤ ያጋለጠውም አንድ ነገር ከወትሮው በግማሽ ሰከንድ ያህል ስለ ዘገየበት «ይህ ለምን ሆነ?» ብሎ እስከ ሥሩ ስለ ተከታተለው ነው። እኔ ይህን ታሪክ ሳስብ ከሁሉ የሚከነክነኝ የዚያ ብቻውን የቀረ ሰው ድካም ነው። በእነዚያ ዓመታት አጠገቡ ሆነው የሚመጣለትን ሥራ አብረውት የሚያዩ ሦስት አራት ቅን ሰዎች ቢኖሩት ኖሮ፣ ያ «ረዳት» እንዲህ በቀላሉ ባልገባ ነበር።

እንግዲህ በጎ ፈቃደኛ ሆነው ሲሄዱ በመጀመሪያ የሚጠይቁት ጥያቄ ይህ ይሁን፦ የእኔ መምጣት የእነዚህን ሰዎች ሸክም ያቀላል ወይስ ይጨምራል? ሊጨምርም ይችላልና። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ» ይባላል። ዲጂታል ኦሽን የተባለው ኩባንያ ከ2014 ጀምሮ በየጥቅምቱ «ሃክቶበርፌስት» የሚባል ዘመቻ ያካሂዳል፤ ለክፍት ምንጭ ፕሮጀክት የተወሰነ አስተዋጽኦ ላደረገ ሰው ቲሸርት ይሰጥ ነበር። በ2020 ግን ተረቱ ተገለበጠ። ቲሸርቷን የፈለጉ ሰዎች በማያውቋቸው ፕሮጀክቶች ላይ አንዲት ቃል እየጨመሩ፣ አንድ ነጥብ እየቀየሩ የለውጥ ጥያቄ አጎረፉ። እያንዳንዱን ከፍቶ ማየት፣ መመለስና መዝጋት በፕሮጀክቱ ባለቤቶች ላይ ወደቀ፤ የሃምሳው ሰው ሎሚ አንድ ሰው ላይ ተጫነ። አዘጋጆቹም ወሩ ሳይጋመስ ደንቡን ለወጡ፤ ከዚያ በኋላ በዘመቻው የሚገባው ራሱ የፈቀደ ፕሮጀክት ብቻ ሆነ።

ታዲያ ምን ልሥራ? ኮድ ለማይጽፍ ሰው በመጀመሪያ የምመክረው የፍተሻ ጠረጴዛን ነው። ፍተሻ ማለት ሶፍትዌሩን እንደ ተጠቃሚ ከፍቶ መሞከር፣ የተበላሸውን ማግኘትና በሥርዓት ጽፎ ማስረከብ ነው። በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው ደግሞ ይህ የተለየ ዕድል ነው። የግዕዝ ፊደል በዓለም አቀፉ የፊደል ኮድ፣ በዩኒኮድ፣ ውስጥ የገባው በ1999 ቢሆንም፣ በየሶፍትዌሩ በትክክል መሥራቱን የሚያረጋግጠው በፊደሉ የሚጽፍ ሰው ነው። በመፈለጊያው ሳጥን «ሰላም» ብለው ይጻፉ፤ «ሠላም» ተብሎ የተጻፈው ገጽ ይመጣል? ለኮምፒውተሩ ሁለቱ ፊደላት የማይገናኙ ናቸው፤ ሶፍትዌሩን የሚጽፉት አብዛኞቹ ሰዎችም ይህ ችግር መኖሩን አያውቁም። ረጅም የአማርኛ ቃል ቁልፉን አልፎ ይወጣል? የቀን መሙያው ዓመት ዐሥራ ሁለት ወር ብቻ ነው ብሎ ጳጉሜን አልቀበልም ይላል? ከአምስተርዳም ወይም ከበርሊን የመጣ ፕሮግራመር የቱንም ያህል ቢተጋ ይህን ለብቻው አያየውም። እርስዎ ግን በደቂቃዎች ውስጥ ያዩታል።

ያዩትን ሲጽፉ «አይሠራም» ብለው አይተዉት። የትኛውን የሶፍትዌሩን ስሪት፣ በየትኛው ብራውዘርና ስልክ ወይም ኮምፒውተር እንደ ተጠቀሙ ይግለጹ። ከዚያ የሠሩትን ደረጃ በደረጃ ይጻፉ፤ ምን ጠብቀው ምን እንደ ሆነ ይጨምሩ፤ ስክሪንሾት ያያይዙ። ከመላክዎ በፊት ሌላ ሰው ቀድሞ አመልክቶት እንደ ሆነ ይፈልጉ፤ ካለ አዲስ አይክፈቱ፣ በዚያው ላይ «እኔም ጋ በዚህ መንገድ ደርሷል» ብለው ማስረጃዎን ይጨምሩ። በመጨረሻም የጻፉትን አጠገብዎ ለተቀመጠው ሰው ይስጡና በጽሑፉ ብቻ ተመርቶ ችግሩን እንዲደግመው ያድርጉ። ከደገመው ሥራው አልቋል። ከልቤ የምናገረው ነው፤ እንዲህ ያለ አንድ ገጽ ችኮላ ከጻፈው መቶ መስመር ኮድ ይበልጣል።

ትርጉም ለሚመርጡም ደንቡ ያው ነው። በዎርድፕረስ አካውንት የከፈተ ሁሉ ትርጉም ማቅረብ ይችላል፤ ሥራ ላይ የሚውለው ግን የቋንቋው አርታኢ አይቶ ሲያጸድቀው ነው። ስለዚህ አምስት መቶ ዐረፍተ ነገር ነካክቶ ከመሄድ፣ አንድ ሙሉ ገጽ በጥንቃቄ ጨርሶ ማስረከብ ይሻላል። ቀድመው የተተረጎሙትን ቃላት ተመልክተው ይከተሉ። በዐረፍተ ነገሩ መካከል የመቶኛ ምልክትና አንድ የላቲን ፊደል ካዩ አይንኩት፤ ስም ወይም ቁጥር የሚገባበት ቦታ ነው፣ ከጠፋ መልእክቱ ይበላሻል።

ስለ ዝግጅቱ ብዙ ማለት አያስፈልግም፦ አካውንትዎን ቤትዎ ሳሉ ይክፈቱ፤ የሚያስፈልገውን ሶፍትዌር አስቀድመው ይጫኑ፤ የአዳራሹን ዋይፋይ አይመኑ። ከገቡ በኋላ ግን ለመጠየቅ አይፈሩ። ድሩፓል በተባለው ሌላ የድረ ገጽ መሥሪያ ፕሮጀክት ጉባኤዎች አንድ የምወደው ልማድ አለ። በሥራው ቀን ማብቂያ የአንድ ጀማሪ ሥራ ይመረጥና ሥልጣን ያለው ሰው በተሰብሳቢው ፊት ከዋናው ኮድ ጋር ያዋህደዋል፤ አዳራሹም ያጨበጭባል። ያን ያህል ክብር የሚሰጡት እያንዳንዱ ነባር ሰው አንድ ቀን ጀማሪ እንደ ነበረ ስለሚያስታውሱ ነው።

ከሁሉ በላይ የምለምንዎ ስለ ማግስቱ ነው። ያስረከቡትን ሥራ የሚያየው ሰው ከቀናት በኋላ ጥያቄ ይጽፍልዎታል፦ «ይህን በሌላ ብራውዘር ሞክረሃል?» «ይህን ቃል ለምን መረጥሽ?» ብዙ መልካም ሥራ የሚሞተው እዚህ ላይ፣ መልስ በማጣት ነው። ከአዳራሹ ሳይወጡ በሚቀጥለው ሳምንት አንድ ሰዓት ለዚህ ይመድቡ፤ ሰዓቷ ስትደርስም ላፕቶፑን ይክፈቱና ይመልሱ።