አጥፋና ዝለል

አቡሽ፣ እስቲ ጠጋ በልልኝ። መንኮራኩሯ ተንቀረፈፈች ብለህ ከምትነጫነጭ ሒሳቡን እንሥራው። ከርባል ስፔስ ፕሮግራም ጌም ላይ ያንተ አዮን ሞተር ጉልበቱ 2 ኪሎኒውተን ነው። መንኮራኩርህ 2 ቶን ከሆነች በየሰከንዱ ፍጥነቷ የሚጨምረው በ1 ሜትር በሰከንድ ብቻ ነው። ከፕላኔቷ ከርቢን አጠገብ ተነስተህ ፕላኔቷ ዱና ለመድረስ ደግሞ 1,060 ሜትር በሰከንድ ያህል ያስፈልግሃል። 18 ደቂቃ ገደማ መሆኑ አይደል? እዚህ ጦር ኃይሎች ያን ያህል ቁጭ ብለህ መብራት ባይሄድብህ፣ እማዬ ለራት ትጠራሃለች።

ሞተሩ እየሠራ ጊዜ የሚያፈጥነው ታይም ዋርፕ እምቢ ያለህ ተበላሽቶ አይደለም። እስከ 100,000 እጥፍ የሚሄደው ትልቁ ዋርፕ መንኮራኩሯን በሐዲድ ነው የሚያስኬዳት፤ ልክ ከአያት ጦር ኃይሎች እንደሚመጣው ባቡር፣ ከመስመሩ ንቅንቅ የለም። እየገፋሃት ከሆነ መስመሩ በየሰከንዱ ይለወጣል፤ ስለዚህ ይከለክልሃል። አንተ የምትፈልገው ሞተሩ እየሠራም የሚሄደውን ፊዚክስ ዋርፕን ነው። አልትን ይዘህ የነጥቧን ቁልፍ ንካ፤ እስከ 4 እጥፍ ይሄዳል፣ 18ቱ ደቂቃም አራት ተኩል ይሆናል። ብቻ አስቀድመህ በኤፍ 5 ሴቭ አድርግ። ረጅምና ቀጭን መንኮራኩር በ4 እጥፍ እንደ ቄጠማ ትወዛወዛለች። የእኔ ስንቴ ተበታትናለች መሰለህ!

ፊዚክስ ዋርፕ የሚያሳጥረው ግን ያንተን ጥበቃ ነው፤ ለመንኮራኩሯ ያው 18 ደቂቃ ነው። ዝቅ ብላ ስትዞር ደግሞ አንድ ዙር የሚፈጅባት ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው። ስትገፋ ከግማሽ ዙር በላይ ትሄዳለህ፣ ጋዝህም በማይረባ አቅጣጫ ያልቃል። ስለዚህ ከፋፍለው። ለከርቢን በጣም በምትቀርብበት ነጥብ ዙሪያ አራት ደቂቃ ያህል ግፋ፣ አጥፋ፣ ተመልሰህ እዚያው እስክትደርስ በትልቁ ዋርፕ ዝለል። ሞተሩ ስለጠፋ አሁን ማንም አይከለክልህም። እኔ ከሁሉም የምወደው ይሄን ነው፤ ጋዝም ጊዜም ይተርፋል።

ደግሞ አታማርር። ይሄ ሞተር ጌሙ ውስጥ ዶውን ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2007 የመጠቀችው የናሳዋ ዶውን መንኮራኩር ሞተር ግን ጉልበቱ 0.09 ኒውተን ገደማ ነበር፤ ወረቀት መዳፍህ ላይ እንደማስቀመጥ በለው። ቬስታና ሴሬስ ወደተባሉት የሰማይ አካላት ባደረገችው ተልእኮ ሲደማመር ስድስት ዓመት ሊሞላ ምንም ያህል ሳይቀረው ገፍቷል። ያንተ ከ20,000 ጊዜ በላይ ይበረታል።

መጨረሻ ላይ 20 ሜትር በሰከንድ ሲቀርህ ዋርፑን ወደ 1 እጥፍ መልሰው፤ አለዚያ ልኩን ታልፈዋለህ። የፀሐይ ሰሌዳዎቹንም እያቸው፤ ከርቢን ጥላ ውስጥ ስትገባ ባትሪው ካለቀ ሞተሩ ቀጥ ይላል። መብራት የሚሄደው እኛ ሰፈር ብቻ እንዳይመስልህ።

በል ኤፍ 5 በለው። ቆይ፣ ላፕቶፑ ቻርጅ አለው?