ዊንዶውስ፣ ማክና ኡቡንቱ በአንድ ቢሮ፦ የፕሮግራም አጫጫንና እድሳት መመሪያ

አትላስ አካባቢ ካሉት ሕንፃዎች በአንዱ የተከራየ ትንሽ ቢሮ እንውሰድ። ሒሳብ ሠራተኛዋ ፒችትሪ በተባለው የሒሳብ ፕሮግራም የምትሠራበት ዊንዶውስ አላት። ዲዛይነሩ ማክ ይዟል። ድረ ገጽ የሚሠራው ባልደረባቸው ደግሞ ኡቡንቱ ጭኗል። ሦስቱም የሚጠቀሙት አንድ ዋይፋይ ነው። ፕሮግራም የሚያገኙበት ቦታ ስለሚለያይ ለሁሉም የሚሆን አንድ የማደሻ ዘዴ የለም። ስለዚህ መነሻው አንድ ጥያቄ ነው፦ ይህ ፕሮግራም ከየት መጣ? ምንጩን ያወቀ ሰው ማን እንደሚያድሰውም ያውቃል።

ጉዳዩ ችላ የሚባል አይደለም። ማይክሮሶፍት መጋቢት 5 ቀን 2009 ዓ.ም. አንድ የዊንዶውስ ቀዳዳ የሚደፍን እድሳት አወጣ። ግንቦት 4 ቀን ዋናክራይ የተባለው ፋይል ቆላፊ ቫይረስ በዚያው ቀዳዳ ገብቶ በ150 ያህል አገሮች ኮምፒውተሮችን አጠቃ። እድሳቱን በወቅቱ የጫኑት በዚያ ቀዳዳ አልተነኩም።

1. ያላችሁን መዝግቡ

በአንድ ወረቀት ላይ የእያንዳንዱን ኮምፒውተር ስርዓት፣ የተጫኑትን ፕሮግራሞችና የመጡበትን ቦታ ጻፉ። የስርዓቱን ስሪት ለማወቅ በዊንዶውስ «ሴቲንግስ»፣ «ሲስተም»፣ «አባውት» በሉ። በማክ የአፕል ምልክቱን ተጭናችሁ «አባውት ዚስ ማክ» የሚለውን፣ በኡቡንቱ ደግሞ በ«ሴቲንግስ» ውስጥ «አባውት»ን ክፈቱ።

ዊንዶውስ 10 የሚል ካገኛችሁ አስምሩበት። መደበኛ ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፤ በማራዘሚያው ፕሮግራም ካልተመዘገበ የደኅንነት እድሳት አይደርሰውም። ዊንዶውስ 11 ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራም፣ 64 ጊጋባይት ማከማቻና ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የደኅንነት ክፍል ይፈልጋል። ማሽኑ ይህን ካላሟላና ሥራው ድረ ገጽ ማየትና ደብዳቤ መጻፍ ብቻ ከሆነ ኡቡንቱ መጫን አንዱ መፍትሔ ነው። ፒችትሪ ግን የሚሠራው በዊንዶውስ ብቻ ስለሆነ የሒሳቡን ኮምፒውተር ወደ ኡቡንቱ አታዛውሩ።

2. ከመንካታችሁ በፊት አስቀምጡ

ሰነዶቹን ወደ ኤክስተርናል ሀርድ ዲስክ ገልብጡ። የፒችትሪን መረጃ ከፕሮግራሙ ከራሱ «ባክ አፕ» በሚለው አስቀምጡ፤ የመጫኛውን ፋይልና የሲሪያል ቁጥሩንም አብራችሁ ያዙ። ላፕቶፕ ከሆነ ቻርጀሩን ሰኩ፤ ዴስክቶፕ ከሆነ ዩፒኤስ ሳይኖረው ትልቅ እድሳት አትጀምሩ። እድሳት መሀል ላይ መብራት ከጠፋ ስርዓቱ ጨርሶ ላይነሳ ይችላል።

በድሮው የአማርኛ መጻፊያ በፓወር ግዕዝ የተጻፉ ሰነዶች ካሏችሁ ፎርማት ከማስደረጋችሁ በፊት ፎንቶቹንም ቅዱ። ዩኒኮድ ያልሆኑት ፎንቶች ከሌሉ ጽሑፉ የማይነበብ ምልክት ይሆናል። ለአዲስ ጽሑፍ በሦስቱም ስርዓቶች ላይ የሚሠራው የዩኒኮድ መጻፊያ ኪማን በነጻ ይገኛል።

3. ዊንዶውስ፦ እያንዳንዱ ፕሮግራም ለብቻው ይታደሳል

መጫኛውን ከሠሪው ድረ ገጽ ወይም ከማይክሮሶፍት ስቶር አውርዱ። ሲጫን «ኔክስት»ን ዝም ብላችሁ አትጫኑ፤ ሳትፈልጉት አብሮ የሚገባ ሌላ ፕሮግራም ካለ ምልክቱን አንሱ።

«ዊንዶውስ አፕዴት» በዋናነት የሚያድሰው ስርዓቱን ነው፤ ፒችትሪንም ሆነ የቪዲዮ ማጫወቻውን ቪኤልሲን አይነካም። ክሮም ራሱን ያድሳል። ከስቶር የመጡት በስቶሩ በኩል ይታደሳሉ። የቀሩትን አንድ በአንድ ከፍታችሁ «ቼክ ፎር አፕዴትስ» የሚለውን ፈልጉ። የምንጭ መዝገቡ ይበልጥ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው።

የማይክሮሶፍት ወርኃዊ እድሳት የሚወጣው በፈረንጆቹ ወር ሁለተኛ ማክሰኞ፣ በእኛ ሰዓት ከምሽቱ 2 ወይም 3 ሰዓት ላይ ነው። በማግሥቱ ረቡዕ ጠዋት ዋይፋዩ ቢንቀራፈፍ አንዱ ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል። በ«ዊንዶውስ አፕዴት»፣ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ» ውስጥ «አክቲቭ አወርስ»ን በሥራ ሰዓታችሁ ሙሉ፤ ኮምፒውተሩ ሥራ መሀል ራሱን አጥፍቶ አይነሳም።

4. ማክ፦ ሁለት ምንጭ

ከአፕ ስቶር የመጣው በአፕ ስቶር ይታደሳል። ከድረ ገጽ የወረደው ግን የራሱን ማደሻ ይጠቀማል። የወረደው የዲስክ ፋይል ሲከፈት የፕሮግራሙን ምልክት ወደ «አፕሊኬሽንስ» ጎትቱ፤ ከዚያ የዲስክ ፋይሉን አስወጡ። ከማውረዳችሁ በፊት ማሽኑ የኢንቴል ወይም የአፕል ቺፕ እንዳለው በ«አባውት ዚስ ማክ» እዩና የሚስማማውን ምረጡ። ስርዓቱን ለማደስ «ሲስተም ሴቲንግስ»፣ «ጀነራል»፣ «ሶፍትዌር አፕዴት» በሉ። ወደ አዲስ ስሪት መሸጋገር ብዙ ጊጋባይት ስለሚወስድ ለእረፍት ቀን አቆዩት።

5. ኡቡንቱ፦ አንድ ማከማቻ

እዚህ ሥራው ቀላል ነው። ፕሮግራሞቹ በፊርማ ከተረጋገጠ የጋራ ማከማቻ ስለሚመጡ «ሶፍትዌር አፕዴተር» ስርዓቱንና አብዛኞቹን ፕሮግራሞች በአንድ ጊዜ ያድሳል። ስናፕ የሚባሉት፣ ለምሳሌ ፋየርፎክስ፣ በራሳቸው ይታደሳሉ። ከድረ ገጽ በወረደ ፋይል የተጫነ ግን ከማከማቻው ውጭ ነው፤ እንደ ክሮም የራሱን ማከማቻ ካልጨመረ ተረስቶ ይቀራል።

ለቢሮ ኤልቲኤስ የሚባለውን ስሪት ምረጡ። በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. የወጣው 24.04 የ5 ዓመት ድጋፍ አለው፤ ኤልቲኤስ ያልሆኑት የሚደገፉት ለ9 ወር ብቻ ነው።

6. አንድ ጊዜ አውርዱ፣ ተካፈሉ

በዊንዶውስ «ዴሊቨሪ ኦፕቲማይዜሽን» ውስጥ በቢሮው ኔትወርክ ካሉ ኮምፒውተሮች መቀበልን ፍቀዱ፤ አንዱ ያወረደውን ሌላው ይወስዳል። በማክ «ሼሪንግ» ውስጥ «ኮንቴንት ካሺንግ»ን አብሩ፤ ለሌሎች ማኮችም ለአይፎኖችም የአፕልን እድሳት አስቀምጦ ያድላል። በሞባይል ዳታ የምትሠሩ ከሆነ በዊንዶውስም በኡቡንቱም ግንኙነቱን «ሚተርድ» በሉት፤ ከዚያ በሌሊት ጥቅል እድሳቱን ራሳችሁ አስጀምሩ።

7. ክራክ አትጫኑ

በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር የተሰበረ ፕሮግራም ምንጩ አይታወቅም። ሲጫንም ብዙ ጊዜ አንቲቫይረሱን አጥፉ ይላል፤ እድሳት ካገኘ መሥራቱን ሊያቆም ስለሚችልም ባለቤቱ እድሳቱን ይዘጋዋል። በዚህ ምክንያት ኮምፒውተሩ በሁለት በኩል ክፍት ይሆናል። የደንበኛ ስምና ስልክ የሚይዝ ቢሮ ደግሞ በግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መሠረት መረጃውን የመጠበቅ ግዴታ አለበት። መክፈል ካልቻላችሁ ለቢሮ ሰነድ ሊብሬኦፊስ፣ ለምስል ሥራ ጊምፕ በነጻ ይገኛሉ፤ በሦስቱም ስርዓቶች ላይ ይሠራሉ።

8. ኃላፊና ቀን ወስኑ

«ሁላችንም እናድሳለን» ከተባለ ማንም አያድስም። የወሩን ሥራ ለአንድ ሰው ስጡ። ከፈረንጆቹ ወር ሁለተኛ ማክሰኞ በኋላ ባለው ቅዳሜ መጀመሪያ ባክአፕ ይውሰድ፤ ቀጥሎ አንድ ዊንዶውስ ብቻ አድሶ ፒችትሪና ፕሪንተሩ መሥራታቸውን ይፈትሽ። ችግር ከሌለ ሌሎች ዊንዶውሶች ካሉ እነሱን፣ ከዚያ ማኩን፣ በመጨረሻ ኡቡንቱውን ያድስ። ያደሰበትንም ቀን በእያንዳንዱ ኮምፒውተር ስም ትይዩ በወረቀቱ ላይ ይጻፍ።