የከተማ ጥፋትና የሲኒማ ጥፋተኛ



በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች ዙሪያ ምድር ለወራት ስትናወጥ፣ እኔ አዳማ በወላጆቼ ቤት የነበርሁበት ሌሊት ነበር። አልጋው ሲወዛወዝ ሁላችንም ወደ ደጅ ወጣን። ከጎረቤቶቻችን አንዱ፣ «ይህ በማን ኃጢአት የመጣ ነው?» ሲል ሰማሁ። እኛ በሰላም ገባን፤ በአዋሽ ፈንታሌ ወረዳ ግን ብዙ ሺህ ሰዎች ቤታቸውን ጥለው በመጠለያ አደሩ። ያንኑ ጥያቄ በኋላ በሁለት የቆዩ የሆሊውድ ድራማዎች ውስጥ አገኘሁት።

የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1936 የወጣው «ሳን ፍራንሲስኮ» ነው። ክላርክ ጌብል በእግዚአብሔር የማያምን የመሸታ ቤት ጌታ፣ ስፔንሰር ትሬሲ ቄስ የሆነ የልጅነት ጓደኛው፣ ጃኔት ማክዶናልድም የሚወዳት ዘፋኝ ሆነው ይሠራሉ። ምድር ተናውጣ ከተማይቱ ትፈርሳለች፤ ሰውየውም ወዳጁን በሕይወት ባገኛት ጊዜ ተንበርክኮ ያመሰግናል። ምስጋናው የሚነቀፍ አይደለም፤ ነገር ግን እንደ ታሪኩ አካሄድ አንድ ሰው እንዲመለስ ከተማ መፍረስ ነበረበት ማለት ነው።

ሁለተኛው ሄንሪ ኪንግ ያዘጋጀው፣ ስለ ጥንታዊቱ ቺካጎ የሚናገረው ፊልም ሲሆን የታየው እ.ኤ.አ. በ1938 ነው። በዚህኛው የኦሊሪ ቤተ ሰብ ላም ፋኖሱን ረግጣ ከተማውን ታቃጥላለች። ጥፋተኛዋ ላም ሆነች ማለት ነው።

እውነተኛው ታሪክ ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1871 ቺካጎ የተቃጠለችው ከረጅም ድርቅ በኋላ ነው። ቤቶቹ ብቻ ሳይሆኑ የእግር መንገዶቹም ከእንጨት የተሠሩ ነበሩ፤ የእሳት አጥፊዎቹም ባለፈው ቀን ቃጠሎ ደክመው ነበር። 300 ያህል ሰዎች ሞቱ፤ 100,000 ያህሉም ያለ ቤት ቀሩ። እሳቱ ከኦሊሪ በረት መነሣቱ እውነት ቢሆንም የላሚቱ ወሬ አልተረጋገጠም፤ የከተማው ምክር ቤትም እ.ኤ.አ. በ1997 ወይዘሮ ኦሊሪን ከነቀፋ ነጻ አደረጋቸው። ይኸውም ከ126 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው!

ሳን ፍራንሲስኮም እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 18 ቀን 1906 ስትናወጥ፣ ከመናወጡ ይልቅ የበለጠውን ያጠፋው ተከትሎ የተነሣው እሳት ነው። የውሃው ቧንቧ ከመሬት በታች ስለ ተሰበረ እሳቱን የሚያጠፋበት ውሃ ታጣ። የሟቾች ቁጥር ለብዙ ዓመታት ከ500 በታች ሆኖ ሲነገር ኖረ። በኋላ ግላዲስ ሀንሰን የተባሉ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ስሞችን አንድ በአንድ ቢሰበስቡ፣ የሞቱት ከ3,000 በላይ መሆናቸው ታወቀ። ፊልሙ ለአንድ ሰው ሲያለቅስ እነዚያ ሁሉ ሳይቈጠሩ ኖረዋል።

ይህ ነገር እኛን ምን አገባን? ቢባል፣ በጣም ያገባናል። አዳማ፣ መተሐራና ሻሸመኔ ያሉት በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነው። በ1953 ዓ.ም. በካራቆሬ በኩል የተነሣው መናወጥ ማጀቴን አፍርሷል፤ በመጋቢት 1961 ዓ.ም. ደግሞ በአፋር ምድር የሰርዶ ከተማ ፈርሳለች። ስለ ካራቆሬና ስለ ሰርዶ ከእኛ መካከል ስንቱ ያውቃል? ስለ ክላርክ ጌብል ከተማ የምናውቀውን ያህል እንኳ አናውቅም።

ስለዚህ ከእኛ አንዱ የሸለቆውን ከተሞች ታሪክ በቴአትር ወይም በፊልም ለማሳየት ቢነሣ፣ ኃጢአተኛ ወይም ላም ፍለጋ አይድከም። ይልቁንም ምሶሶውን ማን መረመረው? ቧንቧው ቢሰበር ውሃው ከወዴት ይመጣል? የሞቱትስ ስማቸው ማን ነው? ብሎ ይጠይቅ። እነዚህም ጥያቄዎች ፊልሙ እስኪሠራ የሚቆዩ አይደሉም፤ ዛሬ በየደጃችን ልንጠይቃቸው ይገባል።